ስለ አሊስ ጊ ለጠየቃችሁን፦ የስደተኛዋ ፊልም ዳይሬክተር ሕይወትና ሥራ

ባለፈው እትማችን ስለ ፊልም አጀማመር ባወጣነው ጽሑፍ ውስጥ አንድ አንቀጽ ብቻ የደረሳት ሴት ነበረች። ፈረንሳይ ተወልዳ፣ ፓሪስ ውስጥ በጸሐፊነት ተቀጥራ፣ የዓለም የመጀመሪያዋ ሴት የፊልም ዳይሬክተር ለመሆን የበቃችው፣ በኋላም አሜሪካ ሄዳ የራሷን ስቱዲዮ ያቋቋመችው አሊስ ጊ ናት። ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለዚያች አንቀጽ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው፣ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእርሷ ሰጥተነዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

*

«ክቡር አዘጋጅ፣ ጸሐፊ ነበረች ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፋችሁታል። የፊልም ትምህርት ሳትማር፣ ያውም በዚያ ዘመን ሴት ሆና፣ እንዴት ለዳይሬክተርነት በቃች? ያደገችውስ በምን ዓይነት ቤተሰብ ውስጥ ነው?»
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

አሊስ ጊ የተወለደችው ጁላይ 1 ቀን 1873 በፓሪስ ዳርቻ በምትገኘው በሴን ማንዴ ነው። የወላጆቿ ኑሮ ግን ቺሊ ነበር፤ አባቷ እዚያ የመጻሕፍት ነጋዴ ነበር። እናቷ ልጇን በፈረንሳይ ምድር ለመውለድ ስትል ያን ሁሉ ባሕር አቋርጣ መጣች፤ ከወለደች በኋላም ሕፃኗን ስዊዘርላንድ ለምትኖረው አያቷ ትታ ወደ ባሏ ተመለሰች። ልጅቱ ነፍስ ማወቅ ስትጀምር እናቷ መጥታ ወደ ቺሊ ወሰደቻት። እዚያ ከሞግዚቷ ስፓኒሽ ለምዳ፣ ከወላጆቿ ጋር ገና ስትተዋወቅ፣ በስድስት ዓመቷ አባቷ እንደገና ወደ አውሮፓ አምጥቶ መነኮሳት ወደሚያስተምሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባት። ስለዚህ ከአገር ወደ አገር መሄድ፣ አዲስ ቋንቋና አዲስ ሰው መልመድ፣ አሜሪካ ስትገባ የጀመራት ነገር አልነበረም።

ቤተሰቡ ብዙም ሳይቆይ ቀን ጎደለበት። የአባቷ ንግድ ከሰረ፤ እርሱም በ1891 ሞተ። አሊስ እናቷን መርዳት ስለነበረባት በጊዜው አዲስ የነበረውን የታይፕና የአጭር ጽሕፈት ሙያ ተማረች፤ በ1894ም የፎቶግራፍ ዕቃ በሚሸጥ የፓሪስ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረች። ድርጅቱን በሚቀጥለው ዓመት የገዛው እዚያው ይሠራ የነበረው ሌዎን ጎሞን ነው፤ ስሙን የያዘው ኩባንያም እስከ ዛሬ አለ። የደብዳቤ ልውውጡ ሁሉ በእጇ ስለሚያልፍ፣ ገዢውንም ፈልሳፊውንም የካሜራውንም አሠራር ቀስ በቀስ ዐወቀች። እርስዎ «የፊልም ትምህርት ሳትማር» ብለዋል፤ በዚያን ጊዜ ትምህርቱን የሚሰጥ ትምህርት ቤት በዓለም ላይ አልነበረም። የተማረ የሚባለው በዕቃው አጠገብ የዋለ ሰው ነበር፤ እርሷም ውላ ታድራለች ማለት ይቻላል።

ማርች 22 ቀን 1895 ወንድማማቾቹ ሉሚዬሮች ተንቀሳቃሽ ምስል የሚቀርጸውንና የሚያሳየውን አዲሱን መሣሪያቸውን ለጥቂት እንግዶች ሲያሳዩ አሊስ ከጎሞን ጋር ተገኝታ ነበር። ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚያሳየውን ያን ፊልም አይታ ተደነቀች፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚቀረጸው ሁሉ ባቡር ሲመጣ፣ ሰልፍ ሲያልፍ ብቻ ሆነ። መሐንዲሶቹ ፊልምን የሚያዩት ካሜራውን መሸጫ ማስታወቂያ አድርገው ነበር። በመጻሕፍት መካከል ያደገችውና ትንሽም ቢሆን ቲያትር የሞከረችው አሊስ ግን ታሪክ ቢነገርበትስ ብላ አሰበች፤ ለጎሞንም ጠየቀችው። የጽሕፈት ሥራሽ እንዳይበደል ብቻ ብሎ ፈቀደላት። ጓደኞቿን ሰብስባ፣ በሸራ ላይ የተሳለ መጋረጃ አስቀርባ፣ አንዲት መልአክ መሰል ሴት ከጥቅል ጎመን መካከል ሕፃናትን እያወጣች የምታሳይበትን ከደቂቃ የማይበልጥ ፊልም ሠራች። ገበያው ጥሩ ስለነበር የኩባንያውን የፊልም ሥራ የመምራቱ ኃላፊነት ለእርሷ ተሰጠ፤ ለዐሥር ዓመት ያህልም መራችው።

በእነዚያ ዓመታት ከሠራቻቸው ውስጥ አንባቢን ሊያስገርም የሚችለው የድምፅ ሥራዋ ይመስለኛል። ድምፅ ያለው ፊልም በ1920ዎቹ መጨረሻ የመጣ ነው የሚለው ልማድ ሥር የሰደደ ነውና። ጎሞን ክሮኖፎን ብሎ በሰየመው መሣሪያ መጀመሪያ የዘፋኙ ድምፅ ለብቻው ይቀዳል፤ ከዚያ ዘፋኙ በካሜራው ፊት ቆሞ፣ የተቀዳው እየተሰማ፣ አፉን ከዜማው ጋር ያስማማል። በአዳራሹ ደግሞ የሸክላ ማጫወቻውና የፊልም ማሳያው በኤሌክትሪክ ተያይዘው አብረው ይሄዳሉ። ዛሬ የዘፈን ክሊፕ የሚቀርጽ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው አሠራር ነው። አሊስ በዚህ መንገድ ከ100 በላይ አጫጭር ፊልሞችን ሠርታለች። በ1906 ደግሞ የክርስቶስን ሕይወት በ25 ትዕይንቶች፣ 300 ያህል አጃቢ ተዋንያን አሰልፋ ቀረጸች፤ ፊልም ሁሉ የጥቂት ደቂቃ በነበረበት ዘመን ግማሽ ሰዓት የሚጠጋ ሥራ ነበር።

*

«በእርግጥ የመጀመሪያዋ ናት ለማለት ይቻላል? በአንዳንድ ጽሑፍ የጎመኑ ፊልም የተሠራው በ1896 ነው ይላል፤ በሌላው 1900 ይላል።»
መምህር፣ ከደሴ

ሁለቱም ዓመት በጽሑፍ ይገኛል። አሊስ በማስታወሻዋ ላይ 1896 ብላለች፤ ዛሬ በእጅ ያለው ቅጂ ግን የ1900 ግድም እንደሆነ አጥኚዎች ይናገራሉ። አንዳንዶቹ ፊልሙን ደጋግማ ሠርታዋለች ይላሉ፤ በዚያን ዘመን ኔጋቲቩ፣ ማለትም ቅጂ የሚባዛበት ዋናው ፊልም፣ ሲያልቅ ያንኑ ፊልም እንደ አዲስ መቅረጽ የተለመደ ነበር። «ታሪክ የሚናገር የመጀመሪያው ፊልም» የሚለውን ማዕረግ ለመስጠት ወይም ለመንፈግ ይህ የዓመት ክርክር ወሳኝ ነው። «የመጀመሪያዋ ሴት ዳይሬክተር» ለሚለው ግን 1896ም ሆነ 1900 ቢሆን የሚቀድማት የታወቀች ሴት የለችም።

*

«እዚህ ከመጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አገሬ ላይ የነበረኝን ሙያ ትቼ ሌላ ሥራ ይዣለሁ። አሊስ ጊ ቋንቋውን ሳታውቅ፣ ልጅ እያሳደገች፣ እንዴት የራሷን ስቱዲዮ ለመክፈት በቃች? ገንዘቡስ ከየት መጣ? እውነቱን ንገሩን።»
አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እኅታችን፣ እውነቱን ስለጠየቁ ከእርሱ እንጀምር። አሊስ አሜሪካ የገባችው ባዶ እጇን አልነበረም። የዐሥር ዓመት ልምድ ነበራት፤ ባሏም በሚያውቃቸው ኩባንያ ተልኮ የመጣ ሰው ነበር። በ1907 የጎሞን ባልደረባ የሆነውን እንግሊዛዊውን ኸርበርት ብላሼን አገባች፤ እርሱ ክሮኖፎንን አሜሪካ ውስጥ እንዲያስተዋውቅ ሲላክ የኃላፊነት ቦታዋን ለሉዊ ፌያድ አስረክባ አብራው ሄደች። በሕጋዊ ወረቀት፣ በሥራ ውል፣ በባል ደመወዝ የሚገባ ስደተኛና ሁሉን ከባዶ የሚጀምር ስደተኛ አንድ አይደሉም፤ ታሪኳን ለማጽናኛ ብለን ይህን ብንሸሽግ እርስዎን አንጠቅምም።

ሆኖም የእርስዎ ዓይነት ዓመታት እርሷንም አላለፏትም። መጀመሪያ የሄዱት ኦሃዮ ውስጥ ወደምትገኘው ክሊቭላንድ ነበር። እንግሊዝኛዋ ገና ነበር፤ መሣሪያውን የሚገዛ ሰው ጠፍቶ ንግዱም ሳይሳካ ቀረ። ከዚያ ኒው ዮርክ፣ ፍላሺንግ ወደሚባለው ሰፈር ተዛወሩ፤ ኸርበርትም፣ ጎሞን እዚያ የከፈተውን ስቱዲዮ ያስተዳድር ጀመር። በ1908 ሲሞን የምትባል ልጃቸው ተወለደች። ፓሪስ ላይ ብዙ ሠራተኛ ታዝዝ የነበረችው ሴት ከ1907 እስከ 1910 አንድም ፊልም ሳትሠራ ቤት ዋለች።

መውጫ ያገኘችው የሌላው ሰው ኪሳራ በነበረው ነገር ነው። የፍላሺንጉ ስቱዲዮ ሥራ አጥሮት አብዛኛውን ቀን ባዶውን ይውል ነበር። አሊስ ያን ባዶ ቀን ተከራየች። አዲስ ሕንፃ ሳትሠራ፣ ካሜራ ሳትገዛ፣ በ1910 ሶላክስ የተባለውን ኩባንያ ከባሏና ከአንድ ሸሪክ ጋር አቋቁማ ፕሬዚዳንት ሆነች። አነስተኛ ወጪ፣ ፈጣን ሥራ፣ በየሳምንቱ የሚወጣ ፊልም፤ ትርፉ የመጣው ከዚህ ነው። ሥራው ሲደራ በሳምንት ሁለት ፊልም እስከ ማውጣት ደረሰች፤ በ1912ም በኒው ጀርሲዋ ፎርት ሊ ከ100,000 ዶላር በላይ ያወጣ የራሷን ስቱዲዮ አሠራች። ሁለተኛ ልጇ ሬጂናልድ የተወለደውም በዚያው ዓመት ነው። ፎርት ሊ ከማንሃተን ሃድሰን ወንዝን ተሻግሮ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ዛሬ በጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ ለሚያልፍ ሰው መንገድ ላይ ናት፤ ሆሊውድ ሳይታወቅ በፊት የአሜሪካ ፊልም የሚሠራው እዚያ ነበር። ጣሪያው መስታወት የሆነው የአሊስ ስቱዲዮ ውስጥ ተዋንያን እንዲያነቡት በትልቁ የተሰቀለ ጽሑፍ ነበር፤ «እንደ ተፈጥሯችሁ ሁኑ» ይላል። ያን ጊዜ ተዋናይ ማለት ከመድረክ የመጣ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ ዓይኑን እያፈጠጠ የሚጫወት ስለነበር ትእዛዙ ቀላል አልነበረም።

ስለ ስደት የሠራችው አንድ ፊልም አለ፤ በ1912 የወጣ ሲሆን አንድ ሩሲያዊ ገበሬና ሚስቱ አሜሪካዊ ለመሆን ያለፉበትን የሚተርክ ነው። መጀመሪያ አገራቸው ላይ ሚስቲቱ ከአህያው ጎን ታስራ ጋሪ ስትጎትት፣ ባልየው ጋሪው ላይ ተቀምጦ ሲነዳት እናያለን። ከመርከብ ከወረዱ በኋላም ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ያን ሁሉ ጓዝ ተሸክማ ከፊት ትሄዳለች፤ እርሱ ባዶ እጁን በዱላ እየጎሰመ ይከተላታል። አንድ መንገደኛ አስቁሞት ጓዙን ከጀርባዋ አውርዶ ለእርሱ ያሸክመዋል። ፊልሙ ይህን የመጀመሪያው ትምህርት ይለዋል፤ ትምህርቶቹ አራት ናቸው፤ ሰውየው በመጨረሻ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ታስሮ፣ ተለውጦ ይመለሳል። እንደ እኔ አስተያየት ፊልሙ ለአዲሲቱ አገር ከሚገባት በላይ ያጨበጭባል፤ ሚስቱን የሚደበድብ ሰው አሜሪካ ውስጥ ያልነበረ ያህል ነው። ነገር ግን ስደት ለባልና ለሚስት አንድ ዓይነት እንደማይሆን፣ አገር መለወጥ ቤት ውስጥ ያለውን የሥልጣን ሚዛን እንደሚነካ፣ በዚያ ዘመን ይህን ያህል አፍጥጦ ያሳየ ሌላ ፊልም ለመጥቀስ እቸገራለሁ።

ቋንቋን በተመለከተ፣ ድምፅ አልባ ፊልም ረድቷታል። በጽሑፍ የሚገባው ቃል ጥቂት ስለሆነ ታሪኩ በዓይን መነበብ ነበረበት። በዚያው ዓመት የሠራችውን፣ ስለ ቅጠል መርገፍ የሚናገረውን አጭር ፊልም ማየት ነው። ሳንባ ነቀርሳ የያዛት ወጣት ቤት ውስጥ ተኝታለች፤ ሐኪሙ የመጨረሻው ቅጠል ሲረግፍ እርሷም ታልፋለች ብሎ ለእናቷ ሲናገር ትንሿ እኅቷ ትሰማለች። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ልጅቱ በሌሊት ልብሷ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ ክር ይዛለች። መሬት የወደቀውን ቅጠል እያነሳች አንድ በአንድ ከቅርንጫፉ ጋር ታስረዋለች። ካሜራው ከቦታው ሳይነቃነቅ የልጅቱን እጅ ሥራ እናያለን፤ ልጅቱ ስለማታውቀው ነገር ተሳስታለች፣ የምትሠራውን ሥራ ግን በጥንቃቄ ትሠራለች። በአጥሩ አጠገብ የሚያልፍ ሌላ ሐኪም ምን እያደረገች እንደሆነ ጠይቋት ወደ ቤት ይገባል፤ ለበሽታው መድኃኒት ያገኘ ሰው ኖሯል። መጨረሻው የዘመኑ ሜሎድራማ ነው። የክሩ ትዕይንት ግን ከ100 ዓመት በኋላም ልብ ይነካል፤ አንድ ቃል ሳይነገር የሚገባ ስለሆነም አሊስ የሰው አገር ቋንቋ ገና እየተማረች እንዴት የዚያን አገር ሕዝብ ማስለቀስ እንደቻለች ያስረዳል።

*

«ጥቁር ተዋንያንን ብቻ ያሰለፈ የመጀመሪያው ፊልም የእርሷ ነው የሚባለው እውነት ነው?»
የቲያትር ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

በ1912 የሠራችው፣ የሞኝና የገንዘብ ታሪክ የሆነው አጭር ኮሜዲ ማለትዎ ነው። ተዋንያኑ ሁሉ ጥቁሮች የሆኑበት፣ ዛሬ በእጅ ካሉት ፊልሞች የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። ዋናው ተዋናይ ጄምስ ራስል ይባላል። ነጮቹ ተዋንያን ከጥቁሮች ጋር አንሠራም ስላሉ አሊስ ነጮቹን ትታ በጥቁሮቹ ብቻ ሠራችው ተብሎ ይነገራል። በነጮች ፊልም ውስጥ ጥቁሩን ሰው ፊቱን በጥላሸት የቀባ ነጭ በሚጫወትበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ፊልሙን ሳያዩ ማወደስ አይገባም። ታሪኩ መንገድ ላይ ገንዘብ አግኝቶ፣ ልብስና መኪና ገዝቶ፣ በካርታ ጨዋታ ተጭበርብሮ ባዶውን በሚቀር ሰው ላይ ይስቃል፤ ሳቁም በዘመኑ ስለ ጥቁሮች ይነገር ከነበረው የተለየ አይደለም። ተዋንያኑን ሰው አድርጋ አሠርታቸዋለች፤ የተሰጣቸው ታሪክ ግን ከዘመኑ ንቀት ያልነጻ ነው። ተማሪ እንደመሆንዎ ሁለቱንም ይዘው ቢመለከቱት መልካም ነው።

*

«ይህን ያህል ከሠራች ለምን ተረሳች? እኔ በቅንነት ነው የምጠይቀው፤ ምናልባት ሥራዋ ያን ያህል ስላልነበረ ይሆን?»
አንባቢ፣ ከአዳማ

ጥያቄዎ ብዙ ሰው በልቡ የሚይዘው ስለሆነ በደንብ ልመልስልዎ። ሥራዋ ወደ 1,000 ፊልም ይጠጋል ተብሎ ይገመታል፤ ከእነዚህ ዛሬ የሚገኙት 150 ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀረውን ውሃ በልቶታል። ነገር ግን የዚያ ዘመን ወንዶች ፊልምም በብዛት ጠፍቷል፤ ስማቸው ግን አልጠፋም። ስለዚህ መልሱ ከፊልሙ መጥፋት ያለፈ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የወደቀችበትን መንገድ እናስቀድም። የአጭር ፊልም ዘመን አልፎ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚፈጀው ፊልም ሲመጣ ወጪው አሻቀበ፤ ማከፋፈያውም በጥቂት ትልልቅ ድርጅቶች እጅ ገባ። ኸርበርት በ1913 የራሱን ኩባንያ አቋቋመ፤ ሶላክስ እየቀጨጨ ሄደ። አሊስ ለሌሎች ኩባንያዎች ረጃጅም ፊልሞችን እየሠራች ቆየች። ኢንዱስትሪው ወደ ካሊፎርኒያ ሲጎርፍ ፎርት ሊ ባዶ ቀረች። ባሏም በ1918 ትቷት ወደ ሆሊውድ ሄደ። የመጨረሻ ፊልሟን ስትሠራ እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው የዚያ ዘመን ወረርሽኝ ታመመች። ስቱዲዮው በዕዳ ተሸጠ፤ ከኸርበርትም ጋር በፍቺ ተለያይተው በ1922 ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰች። ዕድሜዋ 49 ነበር።

ልብ የሚሰብረው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አገሯ ገብታ ሥራ ስትጠይቅ የሚያውቃት ጠፋ። ፓሪስን ከለቀቀች 15 ዓመት ሆኗል፤ ስቱዲዮዎቹ በአዲስ ሰው ተሞልተዋል፤ እርሷም «ይህን ሠርቻለሁ» ብላ የምታሳየው አንድ ፊልም በእጇ የለም። በ1927 ፊልሞቿን ፍለጋ አሜሪካ ድረስ ሄደች፤ በዋሽንግተኑ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር ብትጠይቅም አንድም ሳታገኝ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ፊልም አልሠራችም። የልጆች ታሪክና የመሳሰለውን ለመጽሔት እየጻፈች፣ ኋላም በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በምትሠራው ልጇ በሲሞን እየተጦረች ኖረች።

በእርሷና በወንዶቹ መካከል የነበረው ልዩነት ይህ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን ፊልሞች ላይ የዳይሬክተር ስም አይጻፍም ነበር፤ የሚታወቀው የኩባንያው ስም ነው። በኋላ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ሲመጡ፣ ስም የለሽ ለሆነው ፊልም ሁሉ ባለቤት ሲፈልጉ፣ የሚገምቱት ወንድ ሆነ። ዝነኛው የፊልም ታሪክ ጸሐፊ ዦርዥ ሳዱል እንኳ ያንን የክርስቶስን ሕይወት ፊልም ረዳቷ ለነበረው ለቪክቶሪን ዣሴ ሰጥቶት ነበር። ፈረንሳዮቹ ታሪኳን ሲጽፉ በ1907 ትሄድና ትጠፋባቸዋለች፤ አሜሪካውያኑ ደግሞ ታሪካቸውን ከሆሊውድ ስለሚጀምሩ የፎርት ሊ ሰው አይታያቸውም። ፓሪስ ላይ የሠራችው የአሜሪካዊቷ፣ ኒው ጀርሲ ላይ የሠራችው የፈረንሳዊቷ ሆኖ፣ ማንም የእኔ ናት ሳይላት ቀረ። ስደተኛ ሙያተኛ የሚጎዳው ሁልጊዜ በሥራ ማጣት ብቻ አይደለም፤ የሠራው ሥራ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ አገር የሌላውን ድርሻ ሳያውቅ ሲቀር ግማሽ ሰው ሆኖ ይመዘገባል። አሊስን የገጠማት ይህ ነው፤ በሴትነቷ ላይ ተደርቦ መጣ።

እርሷ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የፊልሞቿን ዝርዝር ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች፤ ታሪክ ጸሐፊዎቹን በደብዳቤ አረመች፤ የሕይወት ማስታወሻዋንም አዘጋጀች። በ1954 የሌዎን ጎሞን ልጅ ሉዊ ጎሞን በአደባባይ ንግግር ስለ እርሷ መሰከረ፤ ከፈረንሳይ መንግሥትም የሌጂዮን ዶነር ኒሻን ተሰጣት። ማስታወሻዋን የሚያሳትም ግን በሕይወቷ ሳለች አላገኘችም። በ1964 ከልጇ ጋር ወደ አሜሪካ ተመልሳ፣ ማርች 24 ቀን 1968 በ94 ዓመቷ ኒው ጀርሲ ውስጥ ዐረፈች፤ መጽሐፉ የታተመው በ1976 ነው። በ2012 የፎርት ሊ ፊልም ኮሚሽን የሶላክስን ምልክት የያዘ አዲስ የመቃብር ድንጋይ አቆመላት። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ ከሴን ወንዝ ዳር ከቆሙት የ10 ፈረንሳውያት ሴቶች ወርቃማ ሐውልቶች አንዱ የእርሷ ነበር።

እንግዲህ «ሥራዋ ያን ያህል ስላልነበረ ይሆን» ላሉት፣ ሎይስ ዌበርን ልጥቀስልዎ። በ1910ዎቹ የአሜሪካ ስመ ጥር ዳይሬክተሮች ከነበሩት አንዷ የሆነችው ዌበር ወደ ፊልም የገባችው በአሜሪካው የጎሞን ስቱዲዮ፣ ብላሼዎች ባሉበት ነው። አሊስም ራሷ በ1914 ለአንድ የፊልም መጽሔት በጻፈችው ጽሑፍ፣ በፊልም ሥራ ውስጥ ወንድ የሚሠራውን ሴት እኩል ልትሠራው የማትችለው አንድም ነገር እንደሌለ ተከራክራለች። ይህን የጻፈችው ከ15 ዓመት በላይ ሠርታ ካየችው ተነሥታ ነው።

*

«ከእኛ ወገን በስደት ያሉ ሴት ዳይሬክተሮች አሉን? ብትጠቁሙን።»
አንባቢ፣ ከኔታንያ፣ እስራኤል

አሉ። ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣቸው አዲስ አበባ ተወልደው በወጣትነታቸው አሜሪካ የሄዱትን፣ በዌልስሊ ኮሌጅ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩትን ፕሮፌሰር ሳሌም መኩሪያን ነው። በ1991 ያወጡት «ስደት» ሱዳን ውስጥ በስደት የሚኖሩ ሦስት ሴቶችን ይከተላል፤ በ1997 የወጣው «የወንዝ ማይበል» ደግሞ አብዮቱንና ቀይ ሽብርን በገዛ ወንድማቸውና በአብሮ አደጋቸው ዕጣ በኩል ይተርካል። አሊስ ጊ ስደትን ከውጭ ቆማ በልብ ወለድ ስታሳይ፣ ሳሌም መኩሪያ የራሳቸውን ቤተሰብ ሐዘን በካሜራ ፊት አስቀምጠዋል፤ ይህ ከፍ ያለ ድፍረት ይጠይቃል።

እርስዎ ካሉበት አገር ደግሞ አለምወርቅ ዴቪዲያን አለች። ኢትዮጵያ ተወልዳ በ11 ዓመቷ እስራኤል የገባች ሲሆን፣ በ2018 የወጣው ረጅም ፊልሟ በጦርነቱ የመጨረሻ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ የምትኖር አንዲት ቤተ እስራኤላዊት ልጃገረድ፣ ወዳጇ ለውትድርና ታፍሶ እንዳይወሰድ የምታደርገውን ጥረት ያሳያል። ዳይሬክተሯ በዚህ ሥራ በዚያው ዓመት በቶሮንቶ ፊልም ፌስቲቫል ተሸልማለች። ስለ ሁለቱም ባለሙያዎች ለየብቻ የምንጽፍበትን ጊዜ ቅርብ እናደርገዋለን።

*

«ፊልሞቿን ከልጆቼ ጋር ማየት ብፈልግ ከየት ልጀምር?»
እናት፣ ከሐዋሳ

ከአሊስ ጊ ፊልሞች ከተረፉት ብዙዎቹ የባለቤትነት መብታቸው ጊዜ ስላለፈ በኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ፤ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ሶላክስ ካወጣቸው የተረፉትን አንዳንዶቹን በማኅደሩ ይዟል። ስሟን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ከጎኑ የኩባንያዋን ስም ቢጨምሩ በቀላሉ ያገኟቸዋል። ለልጆች የጎመኑን ፊልም አስቀድመው፣ ቀጥለው የቅጠሉን ያሳዩአቸው፤ ሁለቱ ተደምረው ሩብ ሰዓት ቢሞሉ ነው። በየመካከሉ የሚመጣውን ጽሑፍ ጮክ ብለው በአማርኛ ያንብቡላቸው፤ የጀርባ ሙዚቃው በኋላ ሰዎች የጨመሩት ስለሆነ ድምፁን ቢዘጉት ከፊልሙ የሚቀር ነገር የለም። የስደተኛውን ባልና ሚስት ፊልም ግን ድብደባ ስላለበት ከፍ ላሉት ልጆች ያቆዩት።